«ኩፍኝስ አልያዘኝም»

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ሰኞ ነበር። አሰላ ውስጥ ባለ አንድ የዓይን ክሊኒክ በካርድ ክፍል ተላላኪነት ተቀጥሬ ገባሁ። ሥራዬ ጠዋት ካርድ ከመደርደሪያ እያወጣሁ ወደ ምርመራ ክፍል ማድረስ፣ ከሰዓት በኋላ መልሼ በየቁጥሩ መክተት ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ስለ ዓይን የማውቀው ሁለት እንዳለኝ ብቻ ነበር።

የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ግርማ ይባላሉ። ብዙ ዘመን በዓይን ነርስነት የሠሩ፣ አጠር ያሉ፣ ነጭ ጋውናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። በዚያን ቀን የዓይን ሰሌዳ የምታስነብበው ልጅ ስለቀረች ከካርድ ክፍል አስጠሩኝ።

«ፊደል ቆጥረሃል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እዚህ ያለው አንድ ፊደል ነው። አይጠፋህም።»

ሰሌዳው ላይ ያለው ሦስት እግር ያለው የፈረንጅ ፊደል ነው። ከላይ ትልቅ ሆኖ ይጀምርና ወደ ታች እያነሰ ይሄዳል፤ እግሮቹ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ላይ ይዞራሉ። ታካሚው ስድስት ሜትር ርቆ ይቀመጣል፣ አንድ ዓይኑን ይሸፍናል፣ እግሮቹ የዞሩበትን አቅጣጫ በእጁ ያመለክታል።

የመጀመሪያው ታካሚዬ ከበቆጂ በኩል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። «አባባ፣ እግሩ ወዴት ዞሯል?» አልኳቸው።

«የማን እግር?»

«የፊደሉ።»

«ልጄ፣ ፊደል እግር የለውም።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ወደ ሰሌዳው ሄጄ ፊደሉን በእርሳስ ነካሁትና «ይሄ ታዲያ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«መንሽ ነዋ! ጭድ የምናነሳበት መንሽ አይደለም እንዴ?»

«እሺ፣ መንሹ ወዴት ዞሯል?»

እስከ ስድስተኛው መስመር ድረስ ሳይሳሳቱ አሳዩኝ። አቶ ግርማ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። በማግስቱ የተመለሰችውን ልጅ «ለገበሬ መንሽ በይ» ሲሏት ሰማሁ።

ከካርድ ክፍል የወጣሁት ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ሰሌዳ አስነበብኩ፤ ቀጥሎ የዓይን ግፊት መለካት ጀመርኩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ «የምርመራ ረዳት» የሚል መታወቂያ ደረቴ ላይ ተንጠለጠለ። ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። ዕቃ ክፍል ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ የዓይን ሕክምና መጽሐፍ አግኝቼ በምሳ ሰዓት ከመዝገበ ቃላት ጋር አነብ ነበር። በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ግማሽ።

የቃላት ደብተርም ነበረኝ። እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ለሁለት እከፍላለሁ። በግራ በኩል ታካሚው የሚለውን፣ በቀኝ መጽሐፉ የሚለውን እጽፋለሁ። «ዓይኔ ላይ ዝንብ ይበርብኛል» የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ፣ «አሸዋ አለብኝ» የሚል ምን ማለቱ እንደሆነ። የአፋን ኦሮሞውንም ቃል ከጎኑ አኖራለሁ። ደብተሩና አንዲት ትንሽ ባትሪ ከጋውኔ ኪስ ስለማይጠፉ ባልደረቦቼ ስሜን ትተው «ባትሪ» ይሉኛል። የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር ዘነበች መብራት በጠፋ ቁጥር «ባትሪ የት ሄደ? ሰውዬውን ማለቴ ነው» ትላለች።

አንድ ቀን በካርድ ላይ «ሞራ አየሁ» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ግርማ ሰረዙብኝ።

«ሞራ ስም ነው። አንተ ያየኸው ስም ነው?»

«ነጭ ነገር ነው ያየሁት።»

«እሱን ጻፋ። አንተ ያየኸውን ጻፍ፤ ስሙን እኔ አወጣለታለሁ።»

ከዚያ በኋላ ለማየው ነገር ሁሉ ይህን ጠበቅሁ። ለምሰማው ነገርም እንደሚሠራ ግን አላሰብኩም።

በሦስተኛው ዓመቴ ከኦጎልቾ አንድ ሽንኩርት አምራች መጣ። ግራ ዓይኑ ደም መስሏል፤ ብርሃን ሲያይ ፊቱን በክንዱ ይከልላል። «ምች መትቶኝ ነው» አለኝ። ዳማከሴ አሽቶ ጭማቂውን ዓይኑ ውስጥ ጨምሯል። አልሻለው ሲል ጎረቤቱ ለሌላ በሽታ ታዞለት የተረፈውን ጠብታ ሰጥቶት እሱንም ጨምሯል።

ቁስልን የሚያሳይ ቀለም ያለውን ወረቀት ዓይኑ ላይ አስነክተን በሰማያዊ መብራት አየነው። በዓይኑ ጥቁር ክፍል ላይ ቅጠሉ የረገፈ ቅርንጫፍ የመሰለ አረንጓዴ መስመር በራ። አቶ ግርማ «አሁን ከንፈሩን እየው» አሉኝ። ከንፈሩ ዳር የደረቀ ቁስል አለ። «ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። የጎረቤቱ ጠብታ ቅላቱን አብርዶ ቫይረሱን ቀልቦታል።» ሰውዬው ዳነ፤ ዓይኑ ላይ ግን ጠባሳ ቀረ።

ያን ቀን በደብተሬ ግራ በኩል «ምች» ብዬ ጻፍኩ። በቀኝ በኩል «ሄርፒስ፤ የከንፈርና የዓይን ቁስል»። አንድ ቃል፣ አንድ መልስ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚያው ደብተር ግራው ባዶ የሆነ አንድ መስመር ነበር። በቀኝ በኩል «የጀርመን ኩፍኝ» ይላል። መጽሐፉ እንደሚለው ቀላል ሽፍታ ነው፤ የያዘውን ሰው ብዙ አይጎዳም። ነፍሰ ጡር ሴትን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከያዛት ግን ፅንሱ ጋ ይደርሳል። የሚጎዳውን ሦስት ቦታ ገልብጬ ነበር፦ ዓይን፣ ልብ፣ ጆሮ። በዚህ አገር ሰው በምን ስም እንደሚጠራው ስለማላውቅ ግራውን ክፍት ተውኩት።

የሕፃናት ቀዶ ጥገና በክሊኒካችን በየቀኑ አይሠራም። ዶክተር ሂሩት ከአዲስ አበባ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ፤ ማደንዘዣ የሚሰጡት አቶ ጀማል አብረዋቸው ይመጣሉ። አራት ቀን ይሠሩና ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት እኛ ልጆቹን እንለያለን፣ ቅጽ እንሞላለን፣ ተራ እናወጣለን።

በእነዚያ ቀናት ክሊኒኩ ይጨነቃል። አቶ ግርማ ምክንያቱን ነግረውኛል። «ሽማግሌ ሞራ ቢጋርደው፣ ዘንድሮም አወጣህለት ለከርሞም፣ ያያል፤ ማየት ያውቅበታላ። ሕፃን ግን ማየት የሚማረው አሁን ነው። ጊዜው ካለፈ ዓይኑ ቢጠራም አንጎሉ አይቀበለውም።»

አብዲን ያመጡት በልየታው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ነው። የመጡት ከጢቾ አካባቢ ነው። እናቱ መሬማ ገና ልጅ እግር ናት። አማቷ እማማ ዘይነባ አብረዋት ነበሩ፤ ቦርሳውንም ንግግሩንም የያዙት እሳቸው ናቸው። አብዲ አራት ወሩ ነው፤ ላየው ሰው የሁለት ወር ነው የሚመስለው።

ክፍሉን አጨለምኩ። በክንድ ርቀት ቆሜ መብራቱን ወደ ዓይኖቹ ሰደድኩ። ከጤነኛ ሕፃን ብሌን ውስጥ ቀይ ነጸብራቅ ይመለሳል፤ ፍም ይመስላል። ከአብዲ የተመለሰው ነጭ ነበር። ከሁለቱም። ዓይኖቹ ፊቴን አይፈልጉም፤ ወዲያና ወዲህ ይዋልላሉ።

«ሁለቱም ብሌን ነጭ። ቀይ ነጸብራቅ የለም። ብርሃን አይከተልም» ብዬ ጻፍኩ። እስከዚህ ድረስ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

ከዚያ ቅጹ መጣ። ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው። ስድስተኛው ጥያቄ በእርግዝና ወቅት ትኩሳትና ሽፍታ ነበር ወይ ይላል። በር ላይ አሥራ አንድ ልጆች ይጠብቃሉ። ጥያቄውን አሳጠርኩት።

«መሬማ፣ አብዲን አርግዘሽ ሳለ ኩፍኝ ይዞሽ ነበር?»

«ኩፍኝ? ኩፍኝስ አልያዘኝም።»

በአፋን ኦሮሞም ደገምኩላት። «ጊፊራ» አልኩ፤ ኩፍኝ ማለት ነው።

«ላኪ» አለች፤ የለም ማለቷ ነው። «ምች ብቻ ነው የመታኝ። እሱም ሦስት ቀን።»

ምች ደብተሬ ውስጥ አለ። የከንፈር ቁስል ነው። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ «የለም» ብዬ ጽፌ ገጹን ገለበጥኩ።

በማግስቱ የክሊኒኩ ጤና መኮንን የአብዲን ደረት አዳመጠ። አብዲ እያለቀሰ ነበር። መኮንኑ ዝም እስኪል ጥቂት ጠበቀ፤ ዝም አላለም። ቅጹን አየት አደረገ፣ የእኔን «የለም» አየ፣ «ልብ፦ ደህና» ብሎ ጻፈ። እዚያ ላይ «አለ» የሚል ቢሆን ደንቡ ግልጽ ነው፤ ልጁ መጀመሪያ የልብ አልትራሳውንድ ይነሳል፤ ያለዚያ ማደንዘዣ አይሰጠውም። ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ።

የቀዶ ጥገናው የመጨረሻ ቀን የቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ነበር። ዶክተር ሂሩት ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። የአብዲ ተራ ሦስተኛ ነው። ማደንዘዣ የሚወስድ ሕፃን ሆዱ ባዶ መሆን ስላለበት ከንጋት ጀምሮ አልጠባም። ዝግጅት ክፍል ውስጥ አራት ሕፃናት በእናቶቻቸው ጭን ላይ ናቸው፤ እኔ በየአሥር ደቂቃው ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ እጨምርላቸዋለሁ።

ሲስተር ዘነበች በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ የብረት ትሪው ከእጇ አመለጠ። ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ቤቱ ተናወጠ። ሦስቱ ሕፃናት ደንግጠው እሪ አሉ። እኔም ጠብታውን ጣልኩት።

አብዲ ጣቱን ይጠባል። አልደነገጠም። ቅንድቡ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«ይኸኛው ወንድ ነው!» አለች ሲስተር ዘነበች ትሪዋን እያነሳች።

«እሱ እንዲህ ነው» አሉ እማማ ዘይነባ። «መድፍ ቢተኮስ ግድ የለውም። መጥባት ብቻ ነው የሚያደክመው። ትንሽ ይስባል፣ ያልበዋል፣ ይተወዋል። አባቱን ነው የመሰለው፤ ሥራ ገና ሲያይ ያልበዋል።»

እናቶቹ ሳቁ። መሬማም አማቷን እያየች ፈገግ አለች።

እኔ ደብተሬን አሰብኩ። ዓይን። ጆሮ። ሲጠባ ያልበዋል፤ ልብ ይሆን?

እማማ ዘይነባ አጠገብ ተንበረከክሁ። «እማማ፣ መሬማን ምች መታት ያላችሁት ጊዜ ከንፈሯ ቆስሎ ነበር?»

«ከንፈሯ? ከንፈሯ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ታዲያ ምች መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

«ወጣባት እንጂ! ፊቷ ላይ፣ ቀይ ቀይ፣ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቃቅ። ከፊቷ ወደ ደረቷ ወረደ። ከጆሮዋ ኋላ ደግሞ ባቄላ የሚያህል እብጠት። ትንሽ አተኮሳት። ዳማከሴ አሸሁላትና በሦስተኛው ቀን ጠፋ።»

«ለምን ኩፍኝ ነው አላላችሁም?»

«ኩፍኝ ይገድላል፣ ልጄ። ዓይን ያጠፋል። ይሄ ምን አደረጋት? በማግስቱ ላም አልባለች።»

«ያኔ ስንት ወሯ ነበር?»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ሁለት። ገና ለባሏም አልነገረችውም ነበር።»

ተነሳሁ። ወደ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ሄድኩ።

የቀዶ ጥገና ክፍሉ ኮሪደር ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ ወዲያ የክፍሉን ልብስ ያልለበሰ ሰው አይራመድም። ሲስተር ዘነበች ቅጾቹን ይዛ መስመሩ ላይ ቆማለች። ሁለተኛው ልጅ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እየጨረሱ ነው።

«ሲስተር፣ አብዲ አይግባ።»

«ምነው? ጠባ እንዴ?»

«አልጠባም። እናቱን የጀርመን ኩፍኝ ይዟት የነበረ ይመስለኛል። ልቡ መታየት አለበት።»

ቅጹን አገላበጠች። «ቅጹ የለም ይላል። ያንተ ጽሑፍ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ባትሪ፣ ስማኝ። ዶክተር ከምሳ በኋላ መኪና ውስጥ ናቸው። ዛሬ ካልገባ ስድስት ወር ነው። ስድስት ወር ለዚህ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ?»

አልነገረችኝም፤ እንደማውቀው ታውቃለች። ከተሳሳትኩ፣ ይህ ልጅ ማየት የሚማርበትን ጊዜ የቀማሁት እኔ ነኝ። ካልተሳሳትኩና ዝም ካልኩ፣ ተኝቶ ላይነቃ ይችላል። መጽሐፍ የለመደ የካርድ ክፍል ተላላኪ ነኝ። ልብ አዳምጬ አላውቅም።

መሬማ አብዲን ታቅፋ ከኋላዬ መጥታ ነበር። «ወንድሜ፣ ተራችን ደረሰ አሉ» አለችኝ።

«ሲስተር» አልኩ፣ «እዚያ ላይ የጻፍኩት ስህተት ነው። በደንብ ጠይቄ አይደለም የጻፍኩት፤ ገምቼ ነው። በተሳሳተ ቅጽ ልጅ እንዲገባ ዝም ማለት አልችልም።»

ሲስተር ዘነበች ብዙ ሰው የምትቆጣ ሴት ናት። አልተቆጣችም። ቅጹን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ዞራ ገባች።

አቶ ጀማል ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ወጡ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ነገሩን በአጭሩ ጠየቁኝ፤ እማማ ዘይነባ የነገሩኝን ቃል በቃል ነገርኳቸው። የጤፍ ፍሬውን፣ ባቄላውን፣ ሦስቱን ቀን። «አስተኚልኝ» አሏት መሬማን። አብዲን አግዳሚው ላይ አጋደመችው። ከእቅፏ ሲወጣ፣ ርቦታልና፣ ማልቀስ ጀመረ።

አቶ ጀማል ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርገው ጠበቁ። አለቀሰ። ማዳመጫውን አነሱ። «በለቅሶ ውስጥ ምንም አይሰማኝም። ዝም አሰኙት።»

ጡት መስጠት አይቻልም። መሬማ እሹሩሩ አለችው። አልሰማም። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ አልሰማም። ከውስጥ የዶክተር ሂሩት ድምፅ መጣ፤ «ጀማል፣ ቀጣዩን?»

«አንድ ጊዜ፣ ዶክተር።»

እማማ ዘይነባ ምራታቸውን በክርናቸው ገለል አደረጓት። «ዘፈን ለማን ትዘፍኛለሽ?» አሉ። ሰፊ መዳፋቸውን ከአብዲ ጀርባ በታች አስገብተው ቀስ እያሉ መታ መታ አደረጉት፤ በሌላኛው እጃቸው ግንባሩን ደባበሱ። ለቅሶው ተቆራረጠ። ሳግ ሆነ። ከዚያ ቆመ።

አቶ ጀማል ከግራ ትከሻው አጥንት በታች አዳመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የምቆጥረው የራሴን ትንፋሽ ነበር። ስድስት። ሰባት። ቦታ ቀየሩ። አሥራ አንድ ላይ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ችኮላ የለም።

ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውጥተው ለእኔ ዘረጉልኝ። «ስማ። ማወቅ አለብህ።»

የልብ ምት ዱብ፣ ዱብ እንደሚል አውቃለሁ። የሰማሁት ያንን አልነበረም። ከሩቅ የሚሰማ የወፍጮ ድምፅ ነበር፤ በምቱ መሃል እንኳ አያቋርጥም።

«ሲወለድ መዘጋት የነበረበት፣ ልቡ አጠገብ ያለ የደም ሥር ነው። አልተዘጋም» አሉ አቶ ጀማል። ከዚያ ለራሳቸው ይመስለኛል፣ «ይህን ልጅ አሁን ላስተኛው ነበር» አሉ።

ዶክተር ሂሩት ጓንታቸውን እያወለቁ እስከ ቀዩ መስመር መጡ። ሁሉንም ሰሙ። የአብዲን ዓይን በእኔ ባትሪ አዩ። ከዚያ ቅጹን ከሲስተር ዘነበች ተቀበሉ።

«ይህን ‹የለም› የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር።»

«ምን ብለህ ጠይቀሃት ነው?»

«ኩፍኝ ይዞሽ ነበር ወይ ብዬ።»

«ጥያቄው እንደዚያ ነው የሚለው?»

«አይደለም። ትኩሳትና ሽፍታ ነው የሚለው። እኔ አሳጠርኩት። ምች ነው ስትለኝ የከንፈር ቁስል መሰለኝ።»

አቶ ግርማም በዚህ መሃል ደርሰው ነበር። ዶክተር ሂሩት እስክሪብቶ ሰጡኝ። «አስተካክለው። እንዳይነበብ አድርገህ አታጥቁረው። በአንድ መስመር ሰርዘው፣ ከጎኑ የሰማኸውን ጻፍ፣ ሰዓቱን ጻፍ፣ ፈርም። የተሳሳትከው መታየት አለበት።»

ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጻፍኩ። ሰዓቱን አስገብቼ ፈረምኩ።

ዶክተር ሂሩት መሬማን አግዳሚው ላይ አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ። ዛሬ እንደማይሠሩለት፣ መጀመሪያ ልቡ አዲስ አበባ መታከም እንዳለበት፣ ዓይኑን ከዚያ በኋላ እዚያው ራሳቸው እንደሚሠሩለት ነገሯት። ቫይረሱ በልጁ ምራቅና ሽንት ውስጥ ወራት ሊቆይ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት እንዳትይዘው አስጠነቀቋት። መሬማ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች። ሲጨርሱ የተናገረችው ለእኔ ነው።

«ዛሬ ያያል ብለኸኝ ነበር እኮ።»

እንዲህ አላልኳትም። ግን ተራ ቁጥሩን በእጇ ያስያዝኳት እኔ ነኝ፤ ለእሷ አንድ ነው። አብዲን ወደ ደረቷ አስጠግታ ጡቷን ሰጠችው፤ አሁን የሚከለክላት የለም። ትንሽ ሳበ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ተወው።

እማማ ዘይነባ ቦርሳቸውን አነሱ። በር ላይ ሲደርሱ ዞሩ። «አንተ ባትሪ የያዝክ ልጅ» አሉኝ፣ «ያን ዕለት እኔ እዚያው አጠገቧ ነበርኩ። እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ወደ አዲስ አበባ የሚልካቸው ደብዳቤ ያን ረቡዕ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የአዲስ አበባው የልብ ሕክምና ዙር ከመሙላቱ በፊት ይደርስ ነበር። ዓርብ ተጻፈ፤ ሰኞ ሲደርሱ ሞልቷል። ቀጣዩን ዙር ሦስት ወር ጠበቁ። በሦስቱ ወር ውስጥ በየሳምንቱ እደውልላቸው ነበር። መሬማ ስልኩን ታነሳና «ይጠባል» ወይም «አልጠባም» ብላ ትዘጋለች። አንዴ ለሁለት ሳምንት ስልኩ አልሠራም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ደብተሬን አልከፈትኩም። በኋላ ሲነሳ የአካባቢው መብራት ተቋርጦ እንደነበር ነገረችኝ።

የአብዲ ልብ ተሠራ። ዓይኖቹን ዶክተር ሂሩት የሠሩለት ዘጠኝ ወር ሲሞላው ነው።

አሁን ሁለት ዓመት አልፎታል። በየአራት ወሩ ለመነጽር ይመጣል። መነጽሩ ወፍራም ነው፤ ከጭንቅላቱ ኋላ በላስቲክ ይታሰራል። ጆሮው አይሰማም፤ እማማ ዘይነባ ሲጠሩት ወለሉን በእግራቸው ይመታሉ፣ ንዝረቱ ሲደርሰው ይዞራል። እኔን ሲያይ በቀጥታ የሚመጣው ወደ ኪሴ ነው። «ባትሪ ለባትሪ!» ትላለች ሲስተር ዘነበች። እሰጠዋለሁ። ያበራታል፣ ያጠፋታል፣ ዓይኔ ላይ ይለቅብኛል።

ከዚያ ምርመራውን እሠራለሁ። ቀኝ ዓይኑን በመዳፌ ስሸፍነው ዝም ብሎ ይጫወታል። ግራውን ስሸፍነው እጄን ገፍቶ ያለቅሳል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ የሚያየው በግራው ነው። ቀኙ አልተማረም።

ሦስት ወር ቀድሞ ቢሠራ ቀኙ ይድን ነበር ወይ ብዬ ዶክተር ሂሩትን ጠይቄያቸዋለሁ። «አላውቅም» አሉኝ። «ቢቀድም ይሻል ነበር። ከዚያ በላይ አላውቅም።»

አቶ ግርማ ስድስተኛውን ጥያቄ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንድጽፈው አዘዙኝ። ኩፍኝ የሚል ቃል አልገባበትም። በእርግዝናሽ ጊዜ ሰውነትሽ ላይ የወጣ ነገር ነበር? ከየት ጀመረ? ምን ያህል ነበር? ስንት ቀን ቆየ? ስንተኛ ወርሽ ነበር? ለሚጠይቀው ሰው ደግሞ፦ ካጠገቧ ያለውን ሰውም ጠይቅ። አንዱን ልጅ መጠየቅ ከበፊቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ወረፋው ያጉረመርማል።

ደብተሩ አሁንም አለኝ። «ምች» በሚለው ቃል ትይዩ የነበረውን መልስ በአንድ መስመር ሰርዤ ከጎኑ «ምን ይመስል ነበር?» ብዬ ጽፌበታለሁ። «የጀርመን ኩፍኝ» የሚለው መስመር ግራው አሁንም ባዶ ነው። ሰው በአንድ ስም አይጠራውም፤ ስለዚህ በስሙ ጠይቆ የሚያገኘው የለም።